ጣቢያው ተነፈሰ

ደብዳቤውን ያነበበችው የጋሽ ቫልቭ እህት ልጅ ናት። አባቷ መነጽሩ ከተሰበረ ወዲህ ፊደል ሁሉ ጉንዳን ሆኖበታል። ስለዚህ ከፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ የመጣውን ወረቀት፣ ቁርሷን ሳትጨርስ ዳቦዋን በአንድ እጇ እንደያዘች ቆማ አነበበችለት። «በአቤቱታችሁ በተጠቀሰው ዕለት የተረኛ መዝገብ ተመርምሮ፣ ጣቢያው ከመተንፈሱ በቀር ወደ ወንዙ የገባ ምንም ዓይነት ፍሳሽ እንደሌለ ተረጋግጧል።» እዚህ ላይ ቆም አለችና «ከመተንፈሱ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» አለች። አባቷ «እኔ ምን አውቄ፤ ማሽን አይደል፣ እንደ ጎማ አየር ይተነፍስ ይሆናላ» አላት። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው አጎቷ ግን የሻይ ብርጭቆውን ከከንፈሩ መለሰው። ቃሉ የእሱ ነበር። በእጁ የጻፈው ብቻ ሳይሆን ራሱ የወለደው ቃል ነው። አሁን ማኅተም ተመትቶበት፣ ኮትና ከረባት አድርጎ፣ የሟች እህቱ ቤት ድረስ መጣበት።

ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለው የፍሳሽ ጣቢያ አሥራ ሰባት ዓመት ፓምፕ ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። የሥራ ጓደኞቹ «ጋሽ ቫልቭ» ይሉታል፤ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሚኖረው እህቱ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ነው፤ የሚበላው ግን ሁልጊዜ እዚህ፣ ከእነሱ ጋር ነው። እህቱ ከሞተች ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቦቲ ጫማዋ አሁንም በሩ ሥር እንደቆመ ነው። የግራው ከቁርጭምጭሚት በታች ተቀዷል፤ ወንዝ ውስጥ ሰላጣ ስታጥብ የጠርሙስ ስባሪ የበሳው ነው። ማንም አያነሳውም። ቤት የምትጠርገው ልጅቷ ዙሪያውን ጠርጋ ታልፈዋለች፤ አባቷ ሲወጣና ሲገባ እግሩን ከፍ አድርጎ ይሻገረዋል፤ ጋሽ ቫልቭ ደግሞ ላለማየት ሲል በጓሮ በር መመላለስ ጀምሯል።

«ቀጥዪ» አለ አባቷ። ቀጠለች። የወንዙ ብክለት ምንጭ በዳርቻው የሚካሄደው የአትክልት ሥራና ለማዳበሪያ የሚደፋው ፍግ መሆኑን፣ በመሆኑም አትክልተኞቹ በሠላሳ ቀን ውስጥ መሬቱን እንዲለቁ መታሰቡን፣ ይህንኑ ለማስረዳት ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ መጠራቱን አነበበች። ከግርጌው በአረንጓዴ ቀለም «ንጹሕ ወንዝ ለሁላችን» ተብሎ ታትሟል። አትክልተኛው አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ፣ ሊያነበው እንደማይችል እያወቀ አገላብጦ አየውና «ሃያ ሁለት ዓመት ያበላኋትን ከተማ ነው የመረዝኩት?» አለ። ወደ ሚስቱ ወንድም ዞር አለና ድምፁን ቀነስ አድርጎ «አንተ አትጨነቅ፤ አቤቱታው ላይ ያንተን ስም አላስገባሁም። እንጀራህ ነው» አለው። ጋሽ ቫልቭ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በእነዚህ ሃያ ስድስት ቀናት አማቹ አንዴም እንኳ «ያን ቀን ተረኛው ማን ነበር?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። እሱም አልነገረውም። ማታ ማታ ሦስቱም አንድ አምፖል ሥር ተቀምጠው ስለ ቆስጣ ዋጋ ያወራሉ።

ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ውሃው ዕቃ ያጠቡበት ዕጣቢ መስሏል፤ ዳር ዳሩን ቢጫ አረፋ ይዟል። በግራና በቀኝ ባሉት ቁጥቋጦዎች ሥር፣ እስከ ሰው ጉልበት ድረስ፣ ጨርቅና ፌስታል የሕፃን ዳይፐርም ተሰቅሏል፤ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ለማወቅ መለኪያ አያሻም። አንዲት ካሮት አጣቢ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቅርጫቷን ትንጣለች። ስታየው እንደ ወትሮዋ «ጋሽ ቫልቭ! ዛሬስ ምን ልታጠጣን ነው? ስኳር ጨመር አድርግበት እንጂ!» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ላንቺ ማር ነው የምልክልሽ» ብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ እግሮቿን አየ። ባዶ እግሯን ናት። ምንም ሳይላት አለፈ፤ ከኋላው «እንዴ፣ ዛሬ ደግሞ ተኮርፈናል!» ስትል ሰማት።

ጣቢያው ከአንዲት ክፍልና ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ አይበልጥም። ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ የቆርቆሮ ቁምሳጥን፣ ግድግዳው ላይ ቀኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ፓምፖች ተቀምጠዋል። አንደኛው ይሠራል፣ እንደ ሳምባ በሽተኛ እያሳለ። ሁለተኛው ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው፤ መለዋወጫው «በግዢ ሂደት ላይ ነው»። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የዋናው መሥሪያ ቤት ወለል ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ከፓምፖቹ ጎን ቀይ መዘውር አለች፤ አሥራ ስምንት ጊዜ ስትዞር ወደ ወንዙ የሚወስደው ቱቦ ይከፈታል። ያለው ፓምፕ ሲያቅተው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ በላይ ሰፈር ሰዎች መታጠቢያ ቤት ይወጣል፣ ወይ መዘውሯ ትዞራለች። ወደ ላይ ከሄደ ስልክ ይጮኻል። ወደ ታች ከሄደ ማንም አይደውልም።

ቃሉ የተወለደው እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቀን የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መዝገቡን ሲያገላብጥ «ወደ ወንዝ ፈሰሰ» የሚል አይቶ ደም ሥሩ ተገታተረ። «እንዲህ ያለ ቃል ሁለተኛ እንዳላይ! ይሄ መዝገብ ነገ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ?» አለ። «ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?» ብለው ተረኞቹ ተያዩ። ጋሽ ቫልቭ ነገር የማያልቅበት ሰው ነበርና «ሰውም እኮ ሆዱ ሲነፋ አንዳንዴ ያመልጠዋል፤ ተነፈሰ ማለት ነው» አለ። ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ኃላፊው ራሱ እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ይኸው! ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያው ፈሶ አያውቅም። ይተነፍሳል።

የሚተነፍሰውም ዝናብ ሲጥል፣ ወይም ሲመሽ፣ ወንዝ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ነበር። ያን ቀን ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፓምፑ አንዴ ጮኸና ጭስ ተፍቶ ቆመ። ለኃላፊው ደወለ። «አስተንፍስ» አለው። «ቀን ነው እኮ ጌታዬ። ሰው ወንዝ ውስጥ አለ።» «አስተንፍስ አልኩህ! ላይ ሰፈር የማን የማን ቤት እንዳለ ታውቃለህ።» መዘውሯን አሥራ ስምንቴ አዞረ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ እህቱ ጋ ደወለ፤ ከጣቢያው በታች አምስት መቶ እርምጃ ላይ ሰላጣ እያጠበች እንደሆነ ያውቃል። በጥድፊያ መካከል አፉ ላይ የመጣለት የሥራ ቃሉ ነበር። «እታለም! ጣቢያው ተነፈሰ!» አላት። «እሰይ! እንኳን ተነፈሰ! አንተም አሁን ትተነፍሳለህ» ብላ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ራት ላይ «ጣቢያው ታፍኗል፣ አንድ ቀን ሊፈነዳብኝ ነው» ሲል ሰንብቷል፤ ለእሷ ወንድሟ የተገላገለበት ዜና ነው። እሱ ደግሞ እህቱ ነገሩ ገብቷት እንደ ልማዷ የቀለደች መሰለው። ሌላ ቃል ሳይጨምር የኃላፊው ጥሪ ጣልቃ ገባ፤ ዘጋባት። ከሽታው እንዳትጠረጥር፣ ወንዙ የማይሸትበት ቀን የለም። ውሃው ጠቁሮ ሲመጣ ቅርጫቷን ይዛ ልትወጣ ስትጣደፍ ያ የጠርሙስ ስባሪ ቦቲዋን በስቶ እግሯን ወጋት። ቁስሏንም እዚያው፣ በዚያው ውሃ አጠበችው። ሐኪሙ «በምን ውሃ ነው የታጠበው?» ሲላት «በወንዛችን» አለችው፤ እንደ ዘመድ ስም ነበር የጠራችው። እግሯ እስከ ጭኗ አበጠ። ደሟ ተመርዟል ተባለ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። እሱ መዘውሯን ባዞረበት ዕለት መዝገቡ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ከ4፡10 እስከ 9፡30 ጣቢያው ተነፈሰ» ብሎ ፈርሟል።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነው። «ጋሽ ቫልቭ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዘህ አዳራሽ ና። ተተኪ እልክልሃለሁ። የተጻፈውን ብቻ ታነባለህ፣ ሌላ አያስፈልግም።» «እሺ።» «ሐዘን ላይ መሆንህን አውቃለሁ። ለእህትህ ቤተሰብ ሌላ ቦታ እናይላቸዋለን፣ እኔ አለሁ።» «እሺ» አለ ደግሞ። ስልኩን አስቀመጠ። መዝገቡን ከፈተና ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እስከዚያ ዕለት ድረስ በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። አርባ አንድ ጊዜ ተንፍሷል።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ሰው አስቁሟል። «ቦቲያችሁን እያወለቃችሁ! ወለሉ አዲስ ነው፣ ጭቃ እንዳታገቡ!» ይላል። ሠላሳ የሚሆኑ አትክልተኞች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው፣ አንዳንዱ በባዶ እግሩ አንዳንዱ ጣቱ በሚታይ ካልሲ፣ በሚያንሸራትተው ሴራሚክ ላይ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠነቀቁ ገቡ። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተላጠም፤ ሰው ሲቀመጥባቸው ይንጫጫሉ። አማቹ ከፊት፣ ልጁ ከጎኑ ተቀምጣለች። ጋሽ ቫልቭ መዝገቡን በብብቱ ይዞ በተለየ ረድፍ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ተቀመጠ። ከጫፍ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች።

ኃላፊው ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ ወንዙ ሲያወራ ልብ ይነካል፤ «የልጆቻችን አደራ» አለ፣ «የከተማችን እስትንፋስ» አለ። ከዚያ ወደ ፍጉ መጣ። የአትክልት ሥራ ወንዙን እንዴት እንደሚበክል በሥዕል አሳየ። በመጨረሻ «ጥያቄ ካለ» ሲል አማቹ ተነሳ። ሲቆም ካልሲው አንሸራትቶት የፊቱን ወንበር ያዘ። «ጌታዬ፣ እኔ ፍግ እደፋለሁ፣ አልክድም። የላም ነው። ላም ደግሞ ዳይፐር አታደርግም» አለ። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። እሱ ግን አልሳቀም። «ቁጥቋጦው ላይ የተሰቀለው የማን ነው? ሚስቴን የገደላት የላም እበት ነው? እሱን ብቻ ንገሩኝና መሬቱን ዛሬውኑ እለቃለሁ።» ኃላፊው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አባት፣ ሐዘንዎን እንጋራለን። ግን በስሜት አንነጋገር፤ መረጃ አለ። ባለሙያው ራሱ እዚህ አለ፤ የራስዎ ዘመድ ነው፣ አይዋሽዎትም። ጋሽ ቫልቭ፣ የዕለቱን መዝገብ አንብብላቸው።»

ተነሳ። መዝገቡን ከፈተ። «ከአራት ሰዓት ከዐሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጣቢያው ተነፈሰ» ብሎ አነበበ። «ይኸው» አለ ኃላፊው፣ «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጥ።» አልተቀመጠም። ዓይኑ በር ላይ የተደረደሩት ቦቲዎች ላይ አርፎ ነበር። «ተነፈሰ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው» አለ። ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። «ጋሽ ቫልቭ፣ የተጻፈውን ብቻ...» «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተም ስቀሃል። አየር አይደለም። የላይ ሰፈር ሽንት ቤት ነው፤ በቀይዋ መዘውር፣ በዚህ እጄ።» ከዚያ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ቀኑን ይጠራል፣ ሰዓቱን ይጠራል፣ «ፈሰሰ» ይላል። ቀኑን ይጠራል፣ ሰዓቱን ይጠራል፣ «ፈሰሰ» ይላል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ «ይበቃል!» አለ። ወደ ሃያኛው ሲደርስ አትክልተኞቹ ከእሱ ጋር «ፈሰሰ» ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ አራት፣ በኋላ አዳራሹ በሙሉ። አማቹ ብቻ አፉን አልከፈተም።

አርባ አንደኛው ላይ ሲደርስ መዝገቡን ዘጋው፤ ያንን ማየት አያስፈልገውም። «የመጨረሻው ቀን ላይ» አለ፣ ወደ አማቹ ሳይሆን ወደ ወለሉ እያየ፣ «ለእታለም ደውዬላት ነበር። ከውሃው ውጪ አላልኳትም። ጣቢያው ተነፈሰ አልኳት። እሰይ አለችኝ። እኔም ዘጋሁት።» ልጅቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጸሐፊዋ ዘንበል ብሎ፣ የሚሰማ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ባለሙያው ሐዘን ላይ በመሆናቸው ንግግራቸው አልተመዘገበም በይ። ነገ ለሠራተኛ አስተዳደር ይቀርባሉ» አላት። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ማሽከርከር አቆመች። ጋሽ ቫልቭን ቀና ብላ አየችው። «ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ የጠየቀችው እሱን ነበር። «ፈሰሰ በይ» አላት። ጻፈች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቹ ከፊት፣ ልጅቷ ከመሐል፣ እሱ ከኋላ ሆነው ነበር። አትክልተኞቹ ከኋላ ከኋላ እየተንጫጩ ተከትለዋቸው፣ መገንጠያው ላይ ገሚሱ ለነገ ገበያ የሚያጥበው ስላለው ወደ ወንዙ ወረደ። ቤት ሲደርሱ ዐሥር ሰዓት አልፏል። በጓሮ በር ሊዞር አሰበና ተወው። ቦቲውን ተሻግሮ ገባ። ልጅቷ ሻይ ቀድታ ሦስት ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ማንም አልነካውም። አማቹ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠዋት ደብዳቤ ሲያይ ቆየ። ሻዩ በረደ። ቀና ሳይል «እሰይ አለች?» አለ።

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሳቀች?»

«ሳቀች።»

ሌላ አልጠየቀውም። ፊቱ ላይ ይቅርታም እርግማንም አልነበረም፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ያቺን ሳቅ የት እንደሚያስቀምጣት የቸገረው ይመስል ነበር። ጋሽ ቫልቭ ዕቃውን ጠቅልሎ ከግቢው ቢወጣ እንደሚሻል እያሰበ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ተተኪው ነው፤ ከጀርባው የፓምፑ ሳል አይሰማም። «ጋሽ ቫልቭ! ቆመች እኮ! ጭስ በጭስ ሆናለች። ለኃላፊው ደወልኩላቸው፣ አስተንፍስ ይሉኛል።»

«ምን ልታደርግ ነው? በስሙ ጥራው።»

«ልለቀው ነው» አለ ተተኪው፣ «ወደ ወንዙ።»

«ሩብ ሰዓት ያዝልኝ። መዘውሯን እንዳትነካ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ!»

«ላይ ሰፈር ይወጣል እኮ! ይገድሉኛል!»

«ይውጣ! ሩብ ሰዓት እነሱም ያሽትቱት!»

ስልኩን ሲዘጋ አማቹ ቆሟል። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ተነስ» አለው። «አንተ በወዲያ ማዶ፣ እኔ በወዲህ።» ከስብሰባው ወዲህ ለእሱ ብሎ ያወጣው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና ልጁን «አንቺ ድልድዩ ላይ ቁሚ፤ ማንም እንዳይወርድ» አላት።

ጋሽ ቫልቭ በእንጨት ድልድዩ ተሻግሮ ዳርቻውን ይዞ ሮጠ፤ ከሮጠ ስንት ዓመቱ! ከማዶ የአማቹ ድምፅ ይሰማዋል፤ ጎርናና፣ ሳግ የተናነቀው፤ «ፈሰሰ! ውጡ! ፈሰሰ!» ይላል። እሱም እዚህ ማዶ ጮኸ። ሴቶች ቅርጫታቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ አንዱ ሽማግሌ ቆስጣውን ጥሎ በአራት እግሩ አፋፉን ወጣ። መታጠፊያው ላይ ካሮት አጣቢዋ አሁንም ጉልበቷ ድረስ ገብታ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትዘፍናለች። ስትሰማው ዞራ ሳቀች። «ጋሽ ቫልቭ! ጠዋት ተኮራርፈን ማታ እሩጫ ጀመርክ? ምንድን ነው የምትለው?»

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመ። ከዚህ በፊት ለማንም እንዲህ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል ተናግሮ አያውቅም።

«ሽንት ቤት ነው። ከላይ ሊለቀቅ ነው፣ አሁን፣ እዚህ ውሃ ውስጥ። ከውሃው ውጪ።»

ሳቋ ጠፋ። ቅርጫቷን አንስታ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ከማዶ አማቹ እየሮጠ ያልፋል። ጋሽ ቫልቭ ሁለተኛው እግሯ ከውሃው እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።